ቻፓን ከኖድ ጄኤስ ጋር ማገናኘትና የወር ክፍያ መሥራት፦ ደረጃ በደረጃ

«ቻፓን ከሪአክት አፔ ጋር እንዴት ላገናኘው?» የሚል ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል፤ ቻፓ በኢንተርኔት ክፍያ የሚቀበልልን የኢትዮጵያ የክፍያ ድርጅት ነው። እሱን መልሼ ሳልጨርስ ደግሞ «በየወሩ በራሱ እንዲቆርጥስ?» ይከተላል። ለየሰዉ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ በወጉ ልጻፈው።

ለምሳሌ የምንይዘው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚያጠኑበት ድረ ገጽ ነው። በወር 300 ብር ያስከፍላል። ፍሮንትኤንዱ (ብራውዘር ላይ የሚታየው ክፍል) በሪአክት፣ ባክኤንዱ (ሰርቨር ላይ የሚሠራው ክፍል) በኖድና በኤክስፕረስ ተሠርቷል። እናንተ ቪው ወይም ኔክስት ብትጠቀሙም አሠራሩ ያው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከብራውዘር የመጣ «ከፍያለሁ» አይታመንም። ገንዘብ ገባ የሚባለው የእናንተ ሰርቨር ራሱ ቻፓን ጠይቆ «አዎ፣ ተከፍሏል» ሲባል ብቻ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኖድ 18 ወይም ከዚያ በላይ። ከ18 ጀምሮ ፌች አብሮ ስለሚመጣ ለኤፒአይ ጥሪ (ሰርቨራችሁ ቻፓን ለሚጠይቅበት) ሌላ ፓኬጅ መጫን የለባችሁም።
- ኤክስፕረስና ፖስትግሬስ ዳታቤዝ። ማይኤስኪውኤልም ይሆናል፤ ትራንዛክሽን (ብዙ ለውጥ ወይ ሁሉም አብሮ የሚሳካበት ወይ ሁሉም አብሮ የሚቀርበት) የሚችል ይሁን እንጂ።
- ቀድሞ የተሠራ ሎግኢን። የከፈለው ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ የምትከፍቱለትም ሰው የለም።
- የቻፓ አካውንት። ለመሞከር የቴስት ቁልፍ ይበቃል። እውነተኛ ገንዘብ ለመቀበል ግን የንግድ ሰነዶቻችሁ መጽደቅ አለባቸው። ይህ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሰነዱን አስገቡ።
- ኤንግሮክ ወይም መሰሉ። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ሰርቨር ለጊዜው ከኢንተርኔት ያገናኛል። ያለ እሱ ዌብሁክ (ክፍያ ሲፈጸም ቻፓ በቀጥታ ለሰርቨራችሁ የሚልከው መልእክት) እናንተ ጋ አይደርስም።
- ኤስኤምኤስ ወይም ኢሜይል መላኪያ።
- ሥራ ላይ ሲውል ኤችቲቲፒኤስ ያለው ዶሜይን።

ደረጃ 1፦ ቁልፉን ከፍሮንትኤንድ አርቁ

ቻፓ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ይፋዊ፣ ሌላው ሚስጥራዊ። ሚስጥራዊው የሚቀመጠው በሰርቨሩ ዶት ኢኤንቪ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «ሪአክቱም የራሱ ኢኤንቪ ፋይል አለው፣ እዚያ ደብቄዋለሁ» ይላል። አልተደበቀም። ፍሮንትኤንዱ የሚያነበው ተለዋዋጭ ሁሉ ቢልድ ሲደረግ ከጃቫስክሪፕቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ 12 የተጫነ ማንም ሰው ያገኘዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዶት ኢኤንቪን ጊትኢግኖር ውስጥ አስገቡ፤ እሱም ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት። ቁልፉ አንዴ ጊትሀብ ላይ ከወጣ ፋይሉን ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ በኮሚቶቹ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ያላችሁ አማራጭ የቻፓ ዳሽቦርድ (የአካውንታችሁ መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብቶ ቁልፉን መቀየር ነው።

ደረጃ 2፦ ሁለት ሠንጠረዥ አዘጋጁ

የመጀመሪያው «ትዕዛዞች» ነው። የክፍያ መለያ፣ ተጠቃሚ፣ ዕቅድ፣ መጠን በሳንቲም፣ የገንዘብ ዓይነት፣ ሁኔታ፣ የተፈጠረበትና የተከፈለበት ሰዓት ይኑረው። ሁኔታው ከሦስት አንዱ ይሆናል፤ «በመጠባበቅ»፣ «ተከፍሏል» ወይም «አልተሳካም»። የክፍያ መለያው ላይ ዩኒክ የሚል ገደብ (ሁለት ረድፍ አንድ ዓይነት እንዳይይዝ) አድርጉበት።

ሁለተኛው «ሰብስክሪፕሽን» (ሰው የከፈለበት የአገልግሎት ጊዜ) ነው። ተጠቃሚ፣ ዕቅድና የሚያበቃበት ጊዜ። በቃ፣ ሌላ አያስፈልገውም።

ለምን በሳንቲም? ጃቫስክሪፕትን 0.1 እና 0.2 ደምር ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። በገንዘብ ላይ ይህ አይፈለግም። 300 ብርን 30000 ብላችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ቻፓ ግን የሚቀበለው በብር ስለሆነ ስትልኩ ለ100 አካፍሉ።

ሰብስክሪፕሽኑ ላይ «ክፍት ነው» ወይም «ዝግ ነው» የሚል ዓምድ አትጨምሩ። እንዲህ ያለ ዓምድ ካለ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚዘጋው ፕሮግራም ያስፈልጋል። ያ ፕሮግራም አንድ ሌሊት ካልሠራ ያልከፈለው በነጻ ይቀጥላል። ቀን ግን በራሱ ያልፋል። ተጠቃሚው ገጹን ሲከፍት የሚያበቃበት ጊዜ ከአሁኑ ሰዓት ይበልጣል ወይ ብላችሁ ብቻ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ክፍያውን ከሰርቨር ጀምሩ

ተጠቃሚው «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ፍሮንትኤንዱ ለሰርቨራችሁ የሚልከው የዕቅዱን ስም ብቻ ነው። ዋጋ አይልክም። ዋጋው ከፍሮንትኤንድ ከመጣ፣ 300ን 1 አድርጎ መላክ ትንሽ ፕሮግራሚንግ ለሚያውቅ ልጅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ ሰርቨሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥራ።

ሀ. የክፍያ መለያ ይፍጠር። በኖድ ክሪፕቶ ሞጁል ውስጥ ያለው ራንደም ዩዩአይዲ ይበቃል። በቀንና በሰዓት የተሠራ መለያ አይሁን። ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ሲጫን ይጋጫል።

ለ. ትዕዛዙን «በመጠባበቅ» ብሎ ዳታቤዝ ውስጥ ይመዝግብ። ይህ ቻፓን ከመጥራት በፊት መሆን አለበት። መጀመሪያ ቻፓን ጠርታችሁ ሰርቨሩ መሀል ላይ ቢወድቅ፣ ሰውየው ሊከፍልበት የሚችል ክፍያ ይፈጠራል፤ እናንተ ጋ ግን ምንም መዝገብ አይኖርም።

ሐ. ወደ ቻፓ ኢኒሻላይዝ አድራሻ የፖስት ጥያቄ ይላክ። ሚስጥራዊው ቁልፍ በኦቶራይዜሽን ሄደር ውስጥ፣ «ቤረር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ይገባል። አብረው የሚላኩት መጠኑ፣ የገንዘቡ ዓይነት (ኢቲቢ)፣ የተጠቃሚው ስም፣ ኢሜይልና ስልክ፣ የክፍያ መለያው እና ሁለት አድራሻዎች ናቸው። ኮልባክ ዩአርኤል የሚባለው ቻፓ ሰርቨራችሁን የሚጠራበት ነው። ሪተርን ዩአርኤል የሚባለው ደግሞ ተጠቃሚው ከከፈለ በኋላ የሚመለስበት ገጽ ነው።

መ. ቻፓ በመልሱ ቼክአውት ዩአርኤል ይሰጣል። እሱን ለፍሮንትኤንድ መልሱና ተጠቃሚውን ወደዚያ ውሰዱት። ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብር፣ ኤምፔሳ ወይም ባንክ የሚመርጠው እዚያ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ትናንሽ ነገሮች ሰው ያስለቅሳሉ። አንደኛው ስልክ ነው። ሰዎች በፕላስ 251 ይጽፋሉ፣ መሀል ላይ ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ከመላካችሁ በፊት በ09 ወይም በ07 ወደሚጀምር 10 አሃዝ ቀይሩት። ሁለተኛው በክፍያው ገጽ ላይ የሚታየው ርዕስ ነው። ከ16 ፊደል ከበለጠ ቻፓ ጥያቄውን ውድቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አጭር ስም ስጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ የካርድ ቁጥር ወይም ፒን የሚቀበል ፎርም በራሳችሁ ገጽ ላይ በፍጹም አትሥሩ። ያንን መረጃ መያዝ ከባድ የደህንነት ግዴታ አለበት። የክፍያ ድርጅት የሚያስፈልገውም አንዱ ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ የማረጋገጫ ፈንክሽን ጻፉ

የክፍያ መለያ ተቀብሎ ቻፓን በቬሪፋይ አድራሻ የሚጠይቅ አንድ ፈንክሽን ይኑራችሁ። ከየትም ይምጣ፣ ክፍያን የሚያጸድቀው እሱ ብቻ ይሁን። ሁለት ቦታ ከተጻፈ አንዱን አስተካክላችሁ ሌላውን መርሳታችሁ አይቀርም።

መልሱ ሲመጣ እነዚህን አረጋግጡ። የክፍያው ሁኔታ «ሰክሰስ» ነው? መለያው የጠየቃችሁት ነው? መጠኑ በዳታቤዝ ካለው ትዕዛዝ ጋር እኩል ነው? የገንዘቡ ዓይነት ያው ነው? መጠኑን ስታወዳድሩ ወደ ሳንቲም ቀይሩና ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉት።

መልሱን በደንብ እዩት። ስታተስ የሚል ነገር ሁለት ቦታ አለ። ከላይ ያለው የጠየቃችሁት ጥያቄ በትክክል መመለሱን ይናገራል። ዳታ ውስጥ ያለው ነው ስለ ክፍያው የሚናገረው። የላይኛውን አይተው ያልተከፈለን ክፍያ የሚያጸድቁ አፖች አጋጥመውኛል። የምታነቡት ውስጠኛውን ነው።

ደረጃ 5፦ አንድ ክፍያ አንዴ ብቻ ይቆጠር

ብዙ ጊዜ የምትቆዩበት ደረጃ ይህ ይሁን፤ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ተማሪዋ በቴሌብር ከፈለች እንበል። በዚያችው ቅጽበት ሦስት ነገር እናንተ ጋ ይደርሳል። ዌብሁኩ ይመጣል። ኮልባኩ ይመጣል። ብራውዘሯ ወደ ሪተርን ገጽ ይመለስና እሱም «ተከፈለልኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም የማረጋገጫ ፈንክሽኑን ይጠራሉ። ሦስቱም ቻፓን ጠይቀው «አዎ» ይባላሉ።

አሁን ኮዳችሁ «ትዕዛዙን አንብብ፣ በመጠባበቅ ላይ ከሆነ 30 ቀን ጨምር፣ ከዚያ ተከፍሏል በል» የሚል ከሆነ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ያነባሉ። ሦስቱም «በመጠባበቅ» የሚለውን ያያሉ። አንዴ የከፈለች ልጅ 90 ቀን ታገኛለች። ላፕቶፓችሁ ላይ ብቻችሁን ስትሞክሩ ይህ ላይታይ ይችላል። ሰው ሲበዛ ነው የሚመጣው።

መፍትሔው ማንበብንና መጻፍን አንድ ማድረግ ነው። አፕዴቱ እንዲህ ይላል፦

«ሁኔታውን ተከፍሏል አድርግ፤ መለያው ይህ ከሆነና ሁኔታው አሁንም በመጠባበቅ ከሆነ ብቻ።»

ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተቀየረ እዩ። 1 ከሆነ ቀዳሚው እናንተ ናችሁ፤ 30 ቀኑን ጨምሩ። 0 ከሆነ ሌላው ቀድሟችኋል፤ ምንም ሳትነኩ ውጡ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ 1 እንዲያገኝ የሚያደርገው ዳታቤዙ ነው። እናንተ ወረፋ መጠበቂያ መሥራት የለባችሁም።

አፕዴቱና ቀን መጨመሩ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁኑ። አለበለዚያ በሁለቱ መሀል ሰርቨሩ ቢወድቅ ትዕዛዙ «ተከፍሏል» ይላል፤ ቀኑ ግን አልተጨመረም። «ብሬ ተቆርጧል፣ ገጹ ግን አልተከፈተልኝም» የሚለው ስልክ ከዚህ ነው የሚደወለው።

ማስጠንቀቂያ፦ በኖድ የፖስትግሬስ ፓኬጅ ትራንዛክሽን ስትሠሩ ከፑሉ (ከተከፈቱ የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ስብስብ) አንድ ክላየንት ውሰዱና ከቤጊን እስከ ኮሚት በእሱ ብቻ ሥሩ። በፑሉ በቀጥታ ከጠራችሁ እያንዳንዱ ትእዛዝ በተለያየ ኮኔክሽን ሊሄድ ይችላል። ቤጊኑ በአንዱ፣ አፕዴቱ በሌላው። ስህተት ሳያሳይ ትራንዛክሽኑ እንዳልነበረ ይሆናል። ስትጨርሱም ክላየንቱን መልቀቅ አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ዌብሁኩን ተቀበሉ

ተጠቃሚው ከከፈለ በኋላ ስልኩ ሊዘጋ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ፣ ገጹን ሊዘጋው ይችላል። ዌብሁክ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቻፓ ለሰርቨራችሁ በቀጥታ ይናገራል፤ የተጠቃሚው ብራውዘር መሀል የለም።

ዳሽቦርድ ውስጥ የዌብሁክ አድራሻችሁንና ለፊርማ የሚያገለግል ሚስጥራዊ ቃል አስገቡ። መልእክቱ ሲመጣ በዚያ ቃል ኤችማክ ሻ 256 (መልእክቱ ከቻፓ መምጣቱን የሚያሳይ ፊርማ) አስሉና በሄደር ከመጣው ፊርማ ጋር አወዳድሩ።

ፊርማው የሚሰላው በመጣው ጥሬ ጽሑፍ ላይ ነው። ኤክስፕረስ ጄሶኑን ፈትቶ እናንተ መልሳችሁ ስታሽጉት አንዲት ክፍት ቦታ ብትለወጥ ፊርማው አይገጥምም። ስለዚህ የዌብሁኩን መስመር ከአጠቃላዩ የጄሶን ሚድልዌር (እያንዳንዱን ጥያቄ ቀድሞ ከሚፈታው ኮድ) በላይ ጻፉትና ጥሬውን እንዲቀበል አድርጉ። ለማወዳደር በእኩል ምልክት ሳይሆን በክሪፕቶ ሞጁል ታይሚንግ ሴፍ ኢኳል ተጠቀሙ። እሱ የሁለቱ ርዝመት ካልተመጣጠነ ስህተት ስለሚወረውር አስቀድማችሁ ርዝመቱን እዩ።

ፊርማው ትክክል ቢሆንም የመልእክቱን ይዘት አምናችሁ ቀን አትጨምሩ። የክፍያ መለያውን ብቻ ውሰዱና የደረጃ 4ን ፈንክሽን ጥሩ። ኮልባኩም እንደዚሁ። ቶሎ 200 መልሱ፤ ኤስኤምኤስ መላክና ደረሰኝ ማዘጋጀት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሪተርን ገጹና የጠፉ ክፍያዎች

ተጠቃሚው ተመልሶ ሲመጣ «ተሳክቷል!» የሚል አረንጓዴ ምልክት ቶሎ አታሳዩ። ወደዚያ ገጽ መምጣት መክፈልን አያሳይም፤ አድራሻውን በእጅ መጻፍም ይቻላል። ገጹ በየ3 ሰከንዱ ሰርቨራችሁን ይጠይቅ፣ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ካለፈ እንዲህ በሉት፦

«ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው። ሲያልቅ በኤስኤምኤስ እናሳውቅዎታለን። እባክዎ ድጋሚ አይክፈሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። ሰው ከ127 «ከፍለዋል» የሚል መልእክት ደርሶት ገጹ ዝም ካለው ደንግጦ ሁለተኛ ይከፍላል።

ከጀርባ ደግሞ በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ሥራ ይኑር። ከ5 ደቂቃ በላይ «በመጠባበቅ» የቆዩትን ትዕዛዞች ሰብስቦ እያንዳንዱን በደረጃ 4 ፈንክሽን ይጠይቅ። 24 ሰዓት ያለፋቸውን «አልተሳካም» ይበል። ዌብሁኩ በመጣበት ሰዓት ሰርቨራችሁ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ክፍያው እዚህ ይገኛል። ይህ ሥራ የደንበኛ አገልግሎት ስልካችሁን በእጅጉ ያቀልላል።

ደረጃ 8፦ ቀኑን በትክክል ጨምሩ

መነሻው ሁልጊዜ ዛሬ አይደለም። ከዛሬና ከሚያበቃበት ቀን የሚዘገየው ነው። በ20 የሚያበቃበት ሰው በ17 ቢከፍል፣ 30 ቀኑ ከ20 ይቆጠርለት። ከዛሬ ከቆጠራችሁበት ቀድሞ በመክፈሉ ሦስት ቀን ተቀጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ቀድሞ አይከፍላችሁም።

«አንድ ወር» ከማለት «30 ቀን» ማለት ይሻላል። ጃቫስክሪፕት ጃንዩወሪ 31 ላይ አንድ ወር ጨምር ሲባል ፌብሩወሪ 31 ስለሌለ ወደ ማርች 3 ይዘልላል፤ ዓመቱ 366 ቀን ከሆነ ወደ ማርች 2። የእኛ ወር ደግሞ ሁሉም 30 ነው፤ ጥቅምት 12 የከፈለ ሰው ኅዳር 12 ይጠብቃል፣ 30 ቀኑም እዚያው ያርፋል። የሚያንሸራትተው ጳጉሜን ብቻ ነው። እኔ ብሆን ለጳጉሜን አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን በነጻ እጨምራለሁ፤ ቀኑ ካለበት አይነቃነቅም፣ ደንበኛውም ደስ ይለዋል።

ዳታቤዝ ውስጥ ጊዜው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቀመጥ። ለተጠቃሚው ስታሳዩ በአዲስ አበባ ሰዓት ቀይሩት። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ»፣ ቋንቋውን አማርኛ ካላችሁት ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ይጽፋል። ማስያ ራሳችሁ አትሥሩ።

ደረጃ 9፦ «በራሱ ይቁረጥ» የሚለው

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣን። ከላይ በሠራነው መንገድ አፑ ከሰው ቴሌብር ላይ በየወሩ በራሱ ገንዘብ አይወስድም። እያንዳንዱን ክፍያ ባለቤቱ በፒኑ ያጸድቃል። ስለዚህ እዚህ ሰብስክሪፕሽን ማለት በጊዜው ማስታወስና መክፈሉን እጅግ ቀላል ማድረግ ነው።

በቀን አንዴ የሚሠራ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚነሳ ሥራ) ይኑራችሁ። ማስታወሻውን እሱ ይልካል። ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በሚያበቃበት ቀን፣ ካበቃ ከሁለት ቀን በኋላ ይላክ። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ስለሚሄዱ ክሮኑን 6 ሰዓት ላይ ብታደርጉት እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ሳታስቡት 21 ሰዓት ብትሉት እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ትቀሰቅሳላችሁ።

ክሮን በስህተት ሁለት ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ «ማስታወሻዎች» የሚል ሠንጠረዥ ሥሩ። ተጠቃሚው፣ የሚያበቃበት ቀንና የማስታወሻው ዓይነት በአንድ ላይ ዩኒክ ይሁኑ። መጀመሪያ መዝግቡ፣ ከዚያ ላኩ። ምዝገባው «አለ» ብሎ ከመለሳችሁ አትላኩ።

በአማርኛ የሚጻፍ ኤስኤምኤስ በአንድ መልእክት 70 ምልክት ነው የሚይዘው፤ በላቲን ፊደል ብቻ ከሆነ 160። አማርኛው ውስጥ ያለው ሊንክም ከ70ው ይቆጠራል። ካለፈ የሁለት መልእክት ዋጋ ትከፍላላችሁ። እንዲህ አጠር ይበል፦

«ጥናትዎ ጥቅምት 12 ያበቃል። ለማደስ 300 ብር፦» ቀጥሎ አጭር ሊንክ።

ሊንኩ የቻፓን ቼክአውት አይሁን። ወደ ራሳችሁ ገጽ ይውሰድና አዲሱ ትዕዛዝ ሰውየው ሲጫን ይፈጠር። አስቀድሞ የተፈጠረ የክፍያ ገጽ ሰውየው እስኪከፍተው ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ሲያበቃም ወዲያው አትዝጉ። ሦስት ቀን የትዕግሥት ጊዜ ስጡ (በደረጃ 2 ያለውን ጥያቄ ስትጠይቁ በሚያበቃበት ጊዜ ላይ ሦስት ቀን ደምሩ)፤ ከላይ «ክፍያዎ አልፏል» የሚል ማሳሰቢያ ይታይ። ደሞዝ እስኪገባ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። የሦስት ወርና የዓመት ዕቅድም ጨምሩ፤ በየወሩ ማስታወስ በዚያው ይቀንሳል።

ደረጃ 10፦ ለማበላሸት ሞክሩ

በቴስት ቁልፍ እነዚህን አንድ በአንድ ሞክሩ፦

1. ከፍላችሁ ሪተርን ገጹ ሳይከፈት ታቡን ዝጉ። ቀኑ ተጨምሯል?
2. «ክፈል» የሚለውን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ተጫኑ።
3. ሳትከፍሉ የሪተርን ገጹን አድራሻ በእጅ ጻፉ።
4. የሐሰት ዌብሁክ ያለ ፊርማ ላኩ። ውድቅ መሆን አለበት።
5. ያንኑ እውነተኛ ዌብሁክ አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ ላኩ። የሚጨመረው 30 ቀን ብቻ ነው።
6. ክፍያው መሀል ላይ ሳለ ሰርቨሩን አጥፉ፣ መልሳችሁ አስነሱ፣ የ10 ደቂቃውን ሥራ ጠብቁ።

ደረጃ 11፦ ወደ እውነተኛው ቀይሩ

ቁልፉን፣ የዌብሁክ አድራሻውንና የፊርማውን ቃል ሦስቱንም ቀይሩ። አንዱ ከተረሳ ክፍያው ይሄዳል፣ ማረጋገጫው ይወድቃል። ለራሳችሁ ብቻ የሚታይ አነስተኛ ዋጋ ያለው ዕቅድ ሠርታችሁ በገዛ ስልካችሁ ክፈሉ። ዳታቤዙን፣ የቻፓን ዳሽቦርድና የደረሳችሁን ኤስኤምኤስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሎግ ላይ የክፍያ መለያውን ጻፉ፤ ቁልፍና ሙሉ የግል መረጃ ግን አይጻፍ።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ በካርድ በራሱ የሚቆርጥ

ድርጅታችሁ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ኤምሬትስ የተመዘገበ ከሆነ ስትራይፕን (በካርድ ክፍያ የሚቀበል የውጭ ድርጅት) መጠቀም ትችላላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት ስትራይፕ አካውንት አይከፍትም። ለዳያስፖራ ልጆች አማርኛ የሚያስተምር ገጽ ያላችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ይህን ነው፤ በካርድ፣ በየወሩ፣ በራሱ።

ዳሽቦርድ ውስጥ ምርትና ወርሃዊ ዋጋ ፍጠሩ። ቼክአውቱን በሰብስክሪፕሽን ሞድ ክፈቱ። ካርዱን የሚይዘውም በየወሩ የሚቆርጠውም ስትራይፕ ነው። የእናንተ ሥራ ሦስት ዌብሁኮችን መስማት ነው። «ኢንቮይስ ፔይድ» ሲመጣ የሚያበቃበትን ጊዜ ስትራይፕ ወደነገራችሁ ቀን አራዝሙ። «ኢንቮይስ ፔይመንት ፌይልድ» ሲመጣ ካርዱን እንዲያስተካክል ለሰውየው ንገሩት፤ ወዲያው አትዝጉበት። «ሰብስክሪፕሽን ዲሊትድ» ሲመጣ አቁሙ። መሰረዝና ካርድ መቀየር እንዲችል ደግሞ የስትራይፕን የደንበኛ ፖርታል ክፈቱለት። የመሰረዣ ቁልፍ ያጣ ሰው ባንኩ ጋ ሄዶ ክፍያውን ያስመልሳል፤ ያ ለእናንተ የባሰ ነው።

መጠኑ እዚህ በሴንት ነው። 9.99 ዶላር ማለት 999 ነው። ከቻፓ የተቀዳ ኮድ ለ100 እንዳያካፍለው ተጠንቀቁ። ዌብሁኮቹ በቅደም ተከተል ላይመጡ፣ አንዱም ሁለቴ ሊመጣ ይችላል፤ የእያንዳንዱን መለያ መዝግባችሁ የተደገመውን ዝለሉ። ሰርቨራችሁ ካልመለሰ ስትራይፕ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ደጋግሞ ይልካል።

ለመሞከር 4242 4242 4242 4242 የሚለው ካርድ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ማለቂያ ቀኑ ወደፊት ይሁን እንጂ የፈለጋችሁትን ሙሉ። 4000 0000 0000 0341 ደግሞ ይመዘገባል፣ ሲቆረጥ ግን ይወድቃል። የሁለተኛ ወር ክፍያ አለመሳካትን የምትሞክሩት በእሱ ነው። ወር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቴስት ክሎክ የሚባለው ጊዜውን ወደፊት ይገፋላችኋል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ዌብሁክ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ፊርማው አይገጥምም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፊርማ ቃሉ ነው። የስትራይፕ ሲኤልአይ (ላፕቶፕ ላይ ለመሞከር የሚጫነው ፕሮግራም) የሚሰጠው ቃል ከዳሽቦርዱ ይለያል።
- ቻፓ «መለያው ተደግሟል» ይላል። ተጠቃሚው ተመልሶ ሲሞክር የድሮውን መለያ እየላካችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ትዕዛዝ ፍጠሩ።
- ገንዘብ የተመለሰለትን ሰው ትዕዛዝ ከዳታቤዝ ማጥፋት። አታጥፉት፤ «ተመልሷል» የሚል አዲስ መዝገብ ጨምሩና ቀኑን ቀንሱ። የሒሳብ ሠራተኛችሁ ያንን ረድፍ ይፈልገዋል።
- ዕቅዱ ማብቃቱን ሪአክት ውስጥ ብቻ ማየት። ቪዲዮውን የሚሰጠው የሰርቨር መስመር ራሱ ቀኑን ካላየ፣ አድራሻውን የገለበጠ ሁሉ በነጻ ያያል።
- ዋጋ ሲጨምር የድሮ ትዕዛዞች መውደቅ። መጠኑን የምታወዳድሩት ከትዕዛዙ ጋር ይሁን። ዛሬ ካለው የዋጋ ዝርዝር ጋር ካወዳደራችሁ ትናንት በ300 ጀምሮ ዛሬ የጨረሰ ሰው ክፍያው ውድቅ ይሆንበታል።